የክረምቱ ተከላ በጸደይ ይወሰናል፦ ሀገር በቀል ዕፅዋትና የተራቆተ መሬት ማገገም

የኢትዮጵያ ገበሬ የክረምቱ ዝናብ ሲጥል ዘር ፍለጋ አይወጣም። ለዘር የሚሆነውን እህል ገና ምርቱ ከአውድማ ሳይነሳ መርጦ በጎታ አስቀምጧል፤ ማሳውንም ሰማዩ ሳይከብድ ደጋግሞ አርሷል። ዝናቡ ሲመጣ የሚያገኘው የለሰለሰ መሬትና ባለቤቱ የሚያውቀውን ዘር ነው። በየዓመቱ በብዙ ሚሊዮን እጆች የሚካሄደው የዛፍ ተከላ ግን ከዚህ የቆየ ጥበብ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲጓዝ ይታያል። አስቀድሞ የተከላው ቀን ይቆረጣል፤ ቀጥሎ የችግኙ ብዛት ይወሰናል። የትኛው ዝርያ፣ ከየትኛው እናት ዛፍ፣ በየትኛው መሬት ላይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በዕለቱ በችግኝ ጣቢያው ውስጥ በተገኘው ነገር ነው።

በሀገሪቱ ነባር የወቅቶች አቆጣጠር ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። ዛሬ በዕለት ተዕለት ንግግር ቃሉ የመስከረምን አበባ ቢያስታውስም፣ በባሕረ ሐሳቡ ስሌት ጸደይ የሚቆመው ከክረምት በኋላ ሳይሆን ከክረምት በፊት ነው። ወቅቱ የበልግ ዝናብ የሚጥልበት፣ የሚታረስበትና የሚሰናዱበት ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም በዚሁ ቅደም ተከተል ላይ ያርፋል፦ የተራቆተ መሬት በሀገር በቀል ዕፅዋት ማገገም አለማገገሙ በአብዛኛው የሚወሰነው ከመጀመሪያው የክረምት ዝናብ በፊት በተሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ የሕዝብ ጉልበትም ሆነ የድኅረ ምረቃ ምርምር ትኩረት ከተከላው ቀን ወደ ዝግጅቱ ወራት፣ ከተተከለው ብዛት ወደ ጸደቀው ብዛት ሊሸጋገር ይገባል።

የፈቃድ ጉድለት እንደሌለ በግልጽ ይታያል። ኢትዮጵያ በቦን ቻሌንጅ ማዕቀፍ 15 ሚሊዮን ሄክታር መሬት እንዲያገግም ለማድረግ ቃል ገብታለች። አረንጓዴ አሻራ በተጀመረበት ዓመት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በአንድ ቀን ብቻ ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። አንድን ሕዝብ በአንድ ቀን ለአንድ ዓላማ ማሰለፍ ቀላል ነገር አይደለም። ጥያቄው ይህ ጉልበት በየትኛው ዕውቀት ይመራ የሚለው ነው፤ ምክንያቱም በተሳሳተ ቦታ የተተከለ ወይም በመጀመሪያው በጋ የደረቀ ችግኝ የሚያባክነው የአንድ ከረጢት አፈር ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያው ኮረብታ እንዲወጣ የሚጠየቀውን ሰው እምነትም ይበላል።

ዘሩ የራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው

የዝግጅቱ ነገር ከዘር ይጀምራል። ደምል ተከታይና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ ደረቅ የደጋ ደኖች አፈር ውስጥ ስለሚገኝ የዘር ክምችት ያካሄዷቸው ጥናቶች ለዚህ መነሻ ይሆናሉ። ከደኑ መሬት በተወሰደው አፈር ውስጥ በብዛት የተገኘው የሣርና የአነስተኛ ዕፅዋት ዘር ነው፤ አብዛኞቹ የደኑ ታላላቅ ዛፎች ግን በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የዘር ቅርስ አያስቀምጡም። ትርጉሙ ከባድ ነው። ደኑ ከተመነጠረና እናት ዛፎቹ ከጠፉ በኋላ መሬቱ በራሱ መልሶ የሚያበቅለው የተቀበረ ሀብት ብዙም የለውም። ዘሩ ወይ በወፍ፣ በእንስሳና በነፋስ ከቅርብ ደን መምጣት አለበት፣ አለዚያም በሰው እጅ።

በሰው እጅ የሚመጣው ዘር ደግሞ ለሰው መርሐ ግብር አይገዛም። የግራር ዘር ጠንካራ ሽፋን ስላለው በአግባቡ ከደረቀ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል፤ ለመብቀል ግን ሽፋኑ መጫር ወይም በሙቅ ውኃ መነከር ይፈልጋል። የወይራ ፍሬ በድንጋይ መሰል ቅርፊት ስለተዘጋ ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ የተሻለ ይበቅላል። ከሐበሻ ጥድ ከሚሰበሰበው ዘር ውስጥ ብዙው ባዶ ሆኖ ስለሚገኝ አስቀድሞ መፈተሽና መለየት ያስፈልጋል። የዶቅማና የጥቁር እንጨት ዘር ደግሞ መድረቅንና ረጅም ቆይታን አይችልም፤ ፍሬው በበሰለበት ሰሞን ካልተዘራ የመብቀል አቅሙን በአጭር ጊዜ ያጣል። አንድ የችግኝ ጣቢያ ዶቅማ ሊያመርት የሚችለው ፍሬው የሚበስልበትን ሳምንት የሚያውቅና በዚያ ሳምንት ከዛፉ ሥር የሚገኝ ሰው ሲኖረው ብቻ ነው። በጀቱ ከዚያ በኋላ ቢለቀቅ ያ ዝርያ ለዚያ ዓመት አልፎታል።

የችግኙ ዕድገትም እንዲሁ ነው። ባሕር ዛፍ ተዘርቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ለተከላ ይደርሳል። ወይራ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድ ግን ለመብቀልም ለማደግም ዝግ ያሉ ስለሆኑ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ በችግኝ ጣቢያ መቆየት ያስፈልጋቸዋል። በታኅሣሥ የተሰበሰበ የወይራ ዘር በሚቀጥለው ሐምሌ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ክረምት ነው የሚታሰበው። በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቅ ዕቅድ፣ ማንም በክፋት ሳያስበው፣ ፈጥነው የሚደርሱትን መጤ ዝርያዎች ይመርጣል። በችግኝ ጣቢያዎች ባሕር ዛፍ፣ የፈረንጅ ጥድና ግራቪሊያ የሚበረክቱበት አንዱ ምክንያት ይኸው የቀን መቁጠሪያ አለመጣጣም ነው። ሀገር በቀል ዝርያ ይበዛ ዘንድ መመሪያ ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ የዕቅዱ ዘመን ራሱ ሁለት ክረምት የሚሸፍን መሆን አለበት።

ዘሩ ከየት መጣ የሚለውም ከስንት ሰዓቱ ያላነሰ ጥያቄ ነው። የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ወንዴና ሴቴ አበባቸው በተለያየ ዛፍ ላይ የሚገኝ ዝርያዎች ናቸው። በእርሻ መካከል ብቻዋን የቀረች ሴቴ ኮሶ አበባዋ ቢያምርም፣ በአቅራቢያዋ ወንዴ ዛፍ ከሌለ ፍሬዋ ተስፋ አይጣልበትም። ለመልቀም ስለሚመች ከመንገድ ዳር ከአንድ ወይም ከሁለት ዛፍ ብቻ የሚሰበሰብ ዘር ደግሞ የሚያፈራው እርስ በርሱ የተዛመደ፣ በበሽታና በድርቅ በአንድነት የሚጎዳ ደን ነው። ስለዚህ ነው የዘር አሰባሰብ ሥርዓት በርቀት ከቆሙ ብዙ እናት ዛፎች መልቀምን የሚያዝዘው። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ብሂል ስለ ሰው የተነገረ ቢሆንም ለዛፍም ይሠራል፤ በእርጥብ ደጋ ካደገ እናት ዛፍ የተለቀመ ዘር በደረቅ ወይና ደጋ ሲተከል የትውልድ ቦታውን ጠባይ ይዞ ነው የሚመጣው።

መሬቱን ማንበብ

ሁለተኛው የጸደይ ሥራ መሬቱን ማንበብ ነው። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን እንትከል?» ይሆናል። ከእርሱ መቅደም ያለበት ግን «በመሬቱ ላይ ምን ቀርቷል?» የሚለው ነው።

በወላይታ የሚገኘው የሑምቦ ተራራ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ2,728 ሄክታር ላይ የተካሄደው ሥራ በአብዛኛው አዲስ ችግኝ መትከል አልነበረም። ተቆርጠው ተቆርጠው ከሥር በሕይወት የቆዩትን የሀገር በቀል ዛፎች ጉቶ ከግጦሽና ከምሳር መጠበቅ፣ ከሚያቆጠቁጡት ቅርንጫፎች ጠንካራውን መርጦ ማሳደግ ነበር። በስፋት መትከል ያስፈለገው ሕያው ጉቶ ባልተገኘበት ክፍል ነው። ተራራው ባዶ ይመስል የነበረው ከሩቅ ለሚያየው ነበር፤ ሥሩ ግን አልሞተም። እንዲህ ባለ ቦታ ጉቶውን ሳያዩ ጉድጓድ መቆፈር፣ ደኑን ለመመለስ ሲባል የቀረውን ደን መንቀል ነው።

ሥር ባልቀረበት ቦታም ቢሆን ቁጥቋጦው ዋጋ አለው። በትግራይ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ በተከለሉ ቦታዎች ራፍ ኤርትስና ባልደረቦቹ ያካሄዱት ጥናት የወይራ ችግኝ በገላጣ መሬት ላይ ከሚሆነው ይልቅ በነባር ቁጥቋጦዎች ጥላ ሥር የተሻለ እንደሚቋቋም አሳይቷል። ቁጥቋጦው ከፀሐይ ያስጠልላል፣ ከከብት አፍ ይከልላል፤ ወፎችም ስለሚያርፉበት ዘር ያራግፉበታል። ይሁን እንጂ ለተከላ ቦታ ሲዘጋጅ መጀመሪያ የሚመነጠረው ይኸው ደደሆው፣ አጋሙ፣ ክትክታውና ድግጣው ነው። «ጥራጊ» ተብሎ የሚወገደው ሞግዚት፣ ከችግኙ ጋር አብሮ ሊኖር የሚገባው ሞግዚት ነው።

በደቡብ ጎንደር ደግሞ ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ለዶክትሬት ዲግሪው ባጠናቸው 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ 168 የእንጨት ዕፅዋት ዝርያዎች ተመዝግበዋል። በእርሻና በግጦሽ መሬት መካከል እንደ ደሴት የቀሩት እነዚህ ደኖች ለአካባቢያቸው የዘር ጎታ ናቸው። ነገር ግን ጥናቱ ሌላም እውነት ይነግራል፦ ከብት በሚገባበት ደን ውስጥ ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳሉ ልጆቻቸው ከሥራቸው እየጠፉ ነው፤ ግጦሽ በታገደበት ክፍል ግን ችግኙ ተሻሽሏል። ስለዚህ በየአጥቢያው ካለው ደን ዘር ለመልቀም ማሰብና ያንኑ ደን በካብ ማጠር አንድ ሥራ ነው። ዘር እየወሰዱ እናቲቱን መርሳት ረጅም ርቀት አያስኬድም።

መሬትን ማንበብ አንዳንድ ጊዜ አለመትከልንም ያስተምራል። በሰሜን ሸዋ የመንዝ ጓሳ ማኅበረሰብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት የጓሳውን ሣር ለዓመታት እየዘጋ፣ በጊዜው እየከፈተ ጠብቆ ኖሯል። የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ የሆነው ይህ ከፍተኛ ቦታ የተሟላ ሥነ ምህዳር የሆነው ዛፍ ስለሞላው አይደለም፤ ሣሩ ስለተጠበቀ ነው። እንዲህ ያለው መሬት ላይ ዛፍ መደርደር ማገገም ሳይሆን የመኖሪያ አካባቢን ማፍረስ ይሆናል። የረግረግ ዳርቻዎችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የኢትዮጵያ ነባር የዕፅዋት ሽፋን አትላስ ሀገሪቱን በ12 ዋና ዋና የዕፅዋት ዓይነቶች መክፈሉ ለዚህ ይጠቅማል፤ እያንዳንዱ ወረዳ ተከላ ከማቀዱ በፊት መሬቱ በየትኛው እንደሚወድቅ ማየት የአንድ ቀን ሥራ ነው።

የመጀመሪያው በጋ

ሦስተኛው ዝግጅት ለዝናቡ ሳይሆን ከዝናቡ በኋላ ላለው ጊዜ ነው። ችግኝ በክረምት እምብዛም አይሞትም፤ የሚሞተው በበጋ ነው። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ከብቱ በልቅ ሲሰማራ፣ አፈሩም ሲደርቅ የተከላው እውነተኛ ፈተና ይጀምራል። በነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ችግኝ ዝናቡ ሳይለየው ሥሩን ወደ ጥልቁ ለመስደድ ጊዜ አያገኝም። ጉድጓዱ በጸደይ ተቆፍሮ፣ እርከኑና የውኃ መያዣው አስቀድሞ ተሠርቶ፣ ችግኙ መሬቱ በደንብ እንደራሰ ቢተከል ግን አብዛኛውን ክረምት ሥር እየሰደደ ያሳልፋል። ውኃ በሚያቁር መረሬ መሬት ላይ ደግሞ ጉድጓዱ ኩሬ እንዳይሆን ማፋሰሻው ከዝናቡ በፊት መሠራት አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን የግጦሽ ስምምነት ያስፈልጋል። ወልዴ መኩሪያና ባልደረቦቹ በትግራይ በተከለሉ ቦታዎች ላይ ያካሄዷቸው ጥናቶች መሬቱ ከግጦሽ ሲያርፍ የዕፅዋት ሽፋኑ ብቻ ሳይሆን የአፈሩ ለምነትና የካርቦን ክምችቱ ጭምር እንደሚሻሻል አሳይተዋል። ክለላ ግን ሽቦና ዘበኛ ብቻ አይደለም። ከብቱ የት ይግጥ፣ ሣሩ ታጭዶ ለማን ይድረስ፣ ማገዶ ከየት ይምጣ የሚሉት ጥያቄዎች በጉባኤ ተመክሮባቸው መልስ ማግኘት አለባቸው። ይህ ምክክር በሐምሌ በጭቃ መካከል አይካሄድም፤ ገበሬው ፋታ በሚያገኝበት በበጋና በጸደይ እንጂ።

የባሕር ዛፍ ጥያቄ

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ የኑሮ ጥያቄ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ የከተሞችን የማገዶና የቤት መሥሪያ ጥማት አርክቷል፤ ዛሬም ለብዙ የደጋ ቤተሰብ የትምህርት ቤት ወጪና የክፉ ቀን መውጫ ነው። ለልጁ ወይራ የሚተክል ገበሬ፣ በዚህ ዓመት የሚሸጠው አጠና ከየት ይምጣ ብሎ ቢጠይቅ መልስ ይገባዋል። ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ በጓሮና በተወሰነለት ቦታ መተከሉ ከተፈጥሮ ደን ላይ የምሳርን ጫና ሊያቀልም ይችላል።

ከዚህም በላይ ፈይራ ሰንበታ፣ ደምል ተከታይና ሙሉጌታ ለመኒህ ያካሄዷቸው ጥናቶች የተፈጥሮ ደን በአቅራቢያ በሚገኝበት ስፍራ በተተከሉ የመጤ ዛፎች ጥላ ሥር ሀገር በቀል ዝርያዎች በራሳቸው ሊበቅሉ እንደሚችሉ አመልክተዋል። ስለዚህ መጤውን ሁሉ ጠላት ማድረግ ከማስረጃ ጋር አይሄድም። ሊወቀስ የሚገባው ዛፉ ሳይሆን ሁለቱን ዓላማዎች በአንድ ሪፖርት ውስጥ መቀላቀሉ ነው። የአጠና ልማት አጠና ልማት ይባል፤ የመኖሪያ አካባቢ ማገገም ደግሞ በራሱ መለኪያ ይመዘን። አንድ ኮረብታ በአንድ ዓይነት መጤ ዛፍ ተሸፍኖ «አገገመ» ተብሎ ሲመዘገብ፣ ለወፉም ለንቡም ለምንጩም የተገባው ቃል ሳይፈጸም እንደተፈጸመ ይቆጠራል።

የድኅረ ምረቃ ምርምር ድርሻ

ይህ ሁሉ ዩኒቨርሲቲዎችን በቀጥታ ይመለከታል፤ ምክንያቱም የበጀት ዓመቱ ሕመም በመመረቂያ ጽሑፍም ላይ ይታያል። የማስተርስ ተማሪ በሁለት ዓመት ውስጥ ኮርስ ወስዶ፣ ንድፈ ሐሳብ አጽድቆ፣ መረጃ ሰብስቦ መመረቅ ስላለበት የመስክ ሥራው በአንድ ወቅት ይወሰናል። በክረምቱ ማብቂያ የተለካ የጽድቀት መጠን ገና ያልተፈተነ ችግኝ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ተማሪው ይመረቃል፤ የእንጨት ምልክቶቹ ይነቀላሉ፤ የሚቀጥለው ተማሪ ከዜሮ ይጀምራል።

መድኃኒቱ እጅግ ውድ አይደለም። አንደኛ፣ የትምህርት ክፍሎች የመስክ ቦታዎችን ከተማሪ ወደ ተማሪ የሚተላለፉ ቋሚ ቦታዎች ማድረግ ይችላሉ፤ አንዱ የተከለውን ሌላው ከመጀመሪያው በጋ በኋላ፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው በጋ በኋላ ይቆጥረዋል። ለእያንዳንዱ የተሟላ መመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል፤ ለሀገር ደግሞ ተከታታይ መረጃ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ግቢና አካባቢው ውስጥ ያሉ እናት ዛፎች የሚያብቡበትና የሚያፈሩበት ጊዜ በየሳምንቱ ቢመዘገብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የችግኝ ጣቢያ ባለሙያ ግድግዳው ላይ የሚለጥፈው የዘር ቀን መቁጠሪያ ይገኛል። ይህ ሥራ የሚጠይቀው ደብተር፣ ጥሩ ዓይንና ጽናት ነው። ሦስተኛ፣ የከሸፈ ተከላ ጥናት እንደ ተሳካው ሁሉ ይታተም፤ ለምን እንደደረቀ በትክክል የተጻፈለት ችግኝ ባለበት ቦታ ሌላ ሺህ ችግኝ በዚያው ምክንያት እንዳይደርቅ ያደርጋል።

አራተኛውና ምናልባትም ከባዱ ነገር መለኪያውን መለወጥ ነው። በተከላው ቀን የሚቆጠረው ችግኝ የሰውን ትጋት ይለካል፤ የመሬቱን ማገገም አይለካም። ከሁለተኛው በጋ በኋላ በሕይወት የቆየው ብዛት፣ የዝርያው ስብጥር፣ ከሥሩ በራሱ የበቀለው አዲስ ችግኝ ደግሞ መሬቱ ራሱ የሚሰጠው ምስክር ነው። ይህን ቁጥር ለመጠየቅ ሥልጣን ያላቸው ብዙዎች ናቸው፤ በትክክል ለመቁጠር ሙያው ያላቸው ግን ተመራማሪዎች ናቸው። እነርሱ ካልቆጠሩት በሪፖርቱ ላይ የሚቀረው የሐምሌው ቁጥር ብቻ ነው።

ጸደይ አጭር ነው። ለሚመጣው ክረምት የወይራና የዝግባ ችግኝ ዛሬ መፈለግ የጀመረ ዘግይቷል፤ ከዚያ በኋላ ላለው ክረምት ግን ገና ጊዜ አለ። ጉቶውን ቆጥሮ፣ እናት ዛፉን ምልክት አድርጎ፣ ከገበሬው ጋር ስለ ግጦሹ ተስማምቶ የሚጠብቅ ዝናቡ ሲመጣ ብዙ የሚሠራው አይኖረውም። አብዛኛው ሥራ ያኔ ተሠርቷል።